አሥራ ሦስት ማልያ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 24 ነው፤ የመሀል ተከላካይ ነኝ። በአምስት ዓመት ውስጥ አራት ክለብ ቀይሬያለሁ፤ አራቱም ከፕሪሚየር ሊጉ በታች ናቸው። ከአንዱ በውሰት ሄጄ ስመለስ ቦታዬ በሌላ ሰው ተይዞ ጠበቀኝ። ሌላው ጋ ደግሞ ወድዶ ያስፈረመኝ አሰልጣኝ በሁለተኛው ወር ተሰናበተ፤ አዲሱ ስሜን እንኳ ሳይጠይቅ ዓመቱ አለቀ። የሰፈር ሰው «ይሄ ልጅ እግሩ አይረጋም» ማለት ጀምሯል። አባቴ ኳሱን ትቼ ከአጎቴ ጋር እንጨት ሥራ ቤት እንድገባ ይፈልጋል። አንድ ጓደኛዬ ግን «አንተ እንደ ጆሴ ፎንቴ ነህ፤ ጠብቅ» ይለኛል። እኔ ሰውየውን የማውቀው ፖርቱጋል የአውሮፓን ዋንጫ ስትበላ ብቻ ነው። እውነት መንገዳችን ይመሳሰላል? ወይስ ጓደኛዬ ሊያጽናናኝ ብሎ ነው? (ከሻሸመኔ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ያነበብኩት ጠዋት ልጆቹን አሠልጥኜ ስመለስ፣ ታኬታዬን እንኳ ሳላወልቅ ነው። እኔም 11 ዓመት መሀል ተከላካይ ሆኜ ስለተጫወትኩ እያንዳንዱ መስመር ገብቶኛል። ጓደኛህ የጠቀሰልህን ሰው ከሥር ጀምሬ ልንገርህ፤ የሚመሳሰለውንም የማይመሳሰለውንም አልደብቅህም። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ፎንቴ በ1983 ዓመቱ ሊያልቅ ሲል በሰሜን ፖርቱጋል፣ ፔናፊየል በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ አርቱር ኳስ ተጫዋች ነበር፤ ታናሽ ወንድሙ ሩዪም አጥቂ ሆኗል። ከመጀመሪያው እዚህ ላይ ካንተ ይለያል። ቤት ውስጥ «ኳስ ተው» የሚለው አባት አልነበረውም፤ ያደገውም በስፖርቲንግ ሊዝበን አካዳሚ፣ ክርስቲያኖ ሮናልዶ በወጣበት ቤት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ግን ያንተን ደብዳቤ ይመስላል። ለስፖርቲንግ ዋናው ቡድን አንድም ጨዋታ ሳይሰለፍ ከሁለተኛው ቡድን ተሸኘ። በ2004 ፌልጌይራስ ወደሚባል የታችኛው ሊግ ክለብ ሄደ፤ ክለቡ ግን በዓመቱ በገንዘብ ችግር ከፕሮፌሽናል ሊጉ ወጣ። ቀጥሎ ቪቶሪያ ሴቱባል ገባ። በ2006 መጀመሪያ ቤንፊካ አስፈረመው፤ ያኔ 22 ዓመቱ ነበር። ሰፈሩ ቢሆን ያን ቀን በግ ይታረድለት ነበር። ይሁንና ለቤንፊካ በሊጉ አንድም ደቂቃ አልተጫወተም። ወዲያው በውሰት ፓሶስ ዴ ፌሬይራ ተላከ፣ በቀጣዩ ዓመት በውሰት ኤስትሬላ ዳ አማዶራ፣ በ2007 አሁንም በውሰት እንግሊዝ አገር፣ ክሪስታል ፓላስ።

ስለ ውሰት ትንሽ ልቆይ፤ አንተንም ያቆሰለህ እሱ ነውና። እኛ አገር ውሰት ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚለን ለድግስ ከጎረቤት የሚመጣው ድስትና ወንበር ነው። የተዋሰው ሰው እግሩ የላላውን ወንበር አያስጠግንም፤ ባለቤቱም ወንበሩ የት እንደደረሰ ይረሳዋል። የውሰት ተጫዋች ኑሮ ይሄው ነው። የወሰደህ ክለብ በሰኔ ትመለሳለህ ብሎ አያስተምርህም፤ የላከህ ደግሞ አያይህም። እኔ በውሰት በሄድኩበት ክለብ የአራት ወር ደመወዝ ቀርቶብኛል። የአንዱ ጸሐፊ ወደ ሌላው ይልከኛል፣ ያኛውም መልሶ ወደዚህ። በዚያ ዓመት ዘጠኝ ጨዋታ ብቻ ተሰለፍኩ፤ የተጎዳሁበትን ጉልበት የሚያይልኝ ሐኪም ያገኘሁት በዘመድ ነው። ስለዚህ ፎንቴ በሁለት ዓመት ተኩል ሦስት ጊዜ ተውሶ በየሄደበት መሰለፉን ሳነብ የሚገርመኝ ከዋንጫው ይልቅ ይሄ ነው። በእያንዳንዱ ቦታ አዲስ በረኛ፣ አዲስ ጎን ለጎን የሚቆም ሰው፣ አዲስ የመጣሪያ ድምፅ መልመድ ነበረበት።

አሁን ያንተ ዕድሜ ላይ ደረስን። በ2008 ፎንቴ 24 ዓመቱ ነበር። ፓላስ በእንግሊዝ ሁለተኛ እርከን፣ በሻምፒዮንሺፕ ይጫወት ነበር፤ በዚያ ዓመት ወደ ፕሪሚየር ሊግ ለማደግ በሚደረገው ግጥሚያ በብሪስቶል ሲቲ ተሸንፎ ቀረ። ፎንቴን ግን ከውሰት ወደ ቋሚ ፊርማ አዛወረው። በጥር 2010 የሆነውን ደግሞ ልብ ብለህ አንብብልኝ። 26 ዓመት እንደሞላው ከሻምፒዮንሺፕ ወደ ሦስተኛው እርከን ወረደ። ወደ ሳውዝሃምፕተን ሄደ፤ ዋጋው 1.2 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ነበር። ሳውዝሃምፕተን ያኔ ከኪሳራ የተረፈ ክለብ ነው፤ ማርኩስ ሊብኸር የሚባል ባለሀብት በ2009 ባይገዛው ይዘጋ ነበር፤ ውድድሩንም የጀመረው 10 ነጥብ ተቀንሶበት ነው። ከሊዝበን ቤንፊካ ወደ እንግሊዝ ሦስተኛ እርከን! ያንተ ሰፈር ሰዎች ቢሆኑ ምን እንደሚሉ አልነግርህም፤ ታውቀዋለህ።

እሱ ግን የሄደው የሚሠራ ቤት አይቶ ነው። በመጋቢት 2010 የታችኞቹ ሊጎች ዋንጫ ፍጻሜ ላይ ዌምብሊ ከ73 ሺህ በላይ ሰው በተገኘበት ካርላይልን 4ለ1 አሸነፉ። በ2011 ወደ ሻምፒዮንሺፕ አደጉ፤ በ2012 ወደ ፕሪሚየር ሊግ። ፎንቴ በፕሪሚየር ሊግ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰለፍ 28 ዓመቱ ነበር። በዚያው ዓመት በጥቅምት ከፉልሃም ጋር 2ለ2 ሲወጡ ሁለቱንም ጎል ያገባው እሱ ነው፤ ሁለተኛው በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች። ያን ጨዋታ እኔ አዳማ በአንድ ዲኤስቲቪ ቤት ነው ያየሁት። አጠገቤ የነበረው ልጅ «ይሄ ማነው?» ሲለኝ «ተከላካይ ነው» ከማለት ሌላ የምነግረው አልነበረኝም።

በ2014 ክረምት ክለቡ ተበተነ ማለት ይቻላል። አሰልጣኙ ፖቸቲኖ ወደ ቶተንሃም፣ ላላና፣ ላምበርትና ሎቭረን ወደ ሊቨርፑል፣ ሾው ወደ ማንቸስተር ዩናይትድ፣ ቻምበርስ ወደ አርሰናል ሄዱ። ብዙ ሰው «ዘንድሮ ይወርዳሉ» አለ። አዲሱ አሰልጣኝ ኩማን የአምበልነቱን ጨርቅ ለፎንቴ ሰጠው። በዚያ ዓመት ሳውዝሃምፕተን በ38 ጨዋታ 33 ጎል ብቻ ተቆጠረበት፤ ከዚያ ያነሰ የገባበት ሻምፒዮኑ ቼልሲ ብቻ ነው፤ ያውም በአንድ ጎል። በዚያው ኅዳር በማንቸስተር ኦልድ ትራፎርድ ፖርቱጋል አርጀንቲናን ስትገጥም የአገሩን ማልያ ለመጀመሪያ ጊዜ ለበሰ። 31 ዓመት ሊሞላው አንድ ወር ቀርቶት ነበር።

ወንድሜ፣ ሰው የፎንቴን ክለብ ይቆጥራል። እኔም ቆጥሬያለሁ፤ ያልተጫወተበትን ቤንፊካን ጨምሮ አሥራ ሦስት ማልያ ነው። ለእኔ ግን የሰውየው ሥራ የሚታየው ከጎኑ የቆሙትን ስትቆጥር ነው። ሎቭረን ከእሱ ጎን አንድ ዓመት ተጫውቶ ሊቨርፑል ገባ። አልደርዌይረልድ ከእሱ ጎን አንድ ዓመት ተጫውቶ ቶተንሃም ገባ። ከሴልቲክ የመጣው ቫን ዳይክ ፕሪሚየር ሊግን የለመደው ፎንቴን በግራው ወይ በቀኙ አድርጎ ነው። በኋላ ሊል በሚባለው የፈረንሳይ ክለብ ብራዚላዊው ገብርኤል ከእሱ ጎን ተጫውቶ አርሰናል ሄደ፤ እሱን የተካው ሆላንዳዊው ቦትማን ደግሞ ኒውካስል። አምስት ሰው ነው፤ ከአንድ ሰው አጠገብ አምስት ሰው። ሁሉም ባለ ተሰጥኦ ናቸው፤ ፎንቴ ፈጠራቸው አልልም። ነገር ግን መሀል ተከላካይነት የጥንድ ሥራ ነው፤ እንደ በሬ። አንዱ በሬ ቀንበሩን የለመደ ከሆነ አዲሱ ወይፈን መስመሩን ይይዛል። ፎንቴ ፈጣን ተጫዋች አልነበረም። ኳስ ሳይመጣ የሚናገር፣ ጓደኛው ለመውጣት ሲነሣ ኋላውን የሚሸፍን፣ ቴስታ ሲያወጣ ወደ ጎን እንጂ ወደ መሀል የማያወጣ ሰው ነበር። ይሄ ሁሉ የሚለመደው በመሰለፍ ነው፤ በየትኛውም ሊግ ቢሆን በመሰለፍ።

የ2016ን አንተም አይተኸዋል፤ ግን ከየት እንደጀመረ ልንገርህ። ፖርቱጋል ምድቡን ያለፈችው ሦስቱንም ጨዋታ አቻ ወጥታ ነው። ፎንቴ በሦስቱም ተጠባባቂ ወንበር ላይ ነበር፤ ከፔፔ ጎን የሚጫወተው የ38 ዓመቱ ሪካርዶ ካርቫልሆ ነው። ከሃንጋሪ ጋር ሦስት ጎል ገብቶባቸው 3ለ3 ሲወጡ አሰልጣኙ ፈርናንዶ ሳንቶስ ለውጥ አደረገ፤ ከክሮኤሺያ ጋር ሌንስ ከተማ ላይ ፎንቴን አሰለፈ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ቁጠር። ክሮኤሺያ፦ በጭማሪ ሰዓት 1ለ0። ፖላንድ፦ 1ለ1፣ በመለያ ምት ማለፍ። ዌልስ፦ 2ለ0፤ በዚህኛው ፔፔ ተጎድቶ ፎንቴ ከብሩኖ አልቬስ ጋር ነበር። ፍጻሜው ፓሪስ አጠገብ፣ ሴንት ዴኒ፦ ሮናልዶ በ25ኛው ደቂቃ እያለቀሰ ወጥቶ፣ ኤደር በ109ኛው ደቂቃ አግብቶ 1ለ0። በአራት ጨዋታ፣ ሦስቱ ጭማሪ ሰዓት በሄዱበት፣ የገባባቸው አንድ ጎል ብቻ ነው፤ እሱንም ሌቫንዶቭስኪ ገና በሁለተኛው ደቂቃ ያስቆጠረው። አንድ ወር ሙሉ ወንበር ላይ ለመቀመጥ ተዘጋጅቶ የሄደ ሰው ተጠርቶ ሲነሣ እግሩ አልተሳሰረም። ከውሰት ዘመኑ የተረፈው ነገር ይሄ ይመስለኛል፤ ያለ ማሟሟቂያ ወደ እንግዳ ቤት ገብቶ መሥራት።

በ2019 ኔሽንስ ሊግ በሚባለው የአውሮፓ ብሔራዊ ቡድኖች ውድድር ፍጻሜም እንዲሁ ሆነ። ፔፔ በግማሽ ፍጻሜው ተጎዳ፤ ፎንቴ ፖርቶ ላይ ከሩበን ዲያዝ ጎን ተሰልፎ ሆላንድን 1ለ0 አሸነፉ። የሆላንድ አምበል ቫን ዳይክ ነበር። ሁለቱ የድሮ ጎረቤቶች ከጨዋታው በኋላ ምን እንደተባባሉ ባውቅ እወድ ነበር።

ያልተሳካለትንም አልደብቅህም። በጥር 2017 በ33 ዓመቱ ሳውዝሃምፕተንን ትቶ በ8 ሚሊዮን ፓውንድ ዌስትሃም ሄደ፤ ከአምስት ሳምንት በኋላ የድሮ ክለቡ ያለ እሱ ዌምብሊ ላይ ለሊግ ካፕ ፍጻሜ ቀረበ። ሰባት ዓመት የተሸከመውን ቤት ምርጥ ቀኑ ላይ አልነበረበትም። ዌስትሃም ላይ ተጎዳ፣ በ2018 ቻይና፣ ዳልያን ሄዶ ስድስት ወር እንኳ ሳይሞላው ወጣ። በእኔ ሚዛን ሁለቱም ስሕተት ነበሩ። ሆኖም በዚያው ክረምት የዓለም ዋንጫ ላይ አራቱንም የፖርቱጋል ጨዋታ ተሰልፎ ሊል ገባ፤ እዚያ የሆነውን ለቀጣዩ ጠያቂ ነው የምነግረው።

ወደ አንተ ልመለስ። ጓደኛህ ግማሽ እውነት ነግሮሃል። መንከራተቱ ይመሳሰላል። ፎንቴ ግን በየሄደበት ይሰለፍ ነበር፤ አንተ በደብዳቤህ ስንት ክለብ እንደቀየርክ ጻፍክልኝ እንጂ ስንት ጨዋታ እንደተሰለፍክ አልጻፍክልኝም። ዛሬ ማታ ደብተር አውጣና ከመጀመሪያው ዓመት ጀምረህ ቁጠር። በአምስት ዓመት ከ60 ጨዋታ በላይ ከሞላ ኳሱን አትተው፤ ገና ነህ። ከ30 በታች ከሆነ ችግሩ እግርህ ሳይሆን ምርጫህ ሊሆን ይችላል። ስትፈርም የምታየው ስም ያለውን ክለብ ነው ወይስ የመሀል ተከላካይ የጎደለውን? ለሚቀጥለው ፊርማ ከአሰልጣኙ ይልቅ በረኛውን አናግረው። አሰልጣኝ እንዳየኸው በሁለት ወር ይሄዳል፤ በረኛው ግን ከፊቱ ማን እንደሚቆም፣ ደመወዝ በስንተኛው ቀን እንደሚገባ ይነግርሃል። የውሉን ቅጂ በእጅህ ሳትይዝ ሻንጣህን አትፍታ። እኔ አልያዝኩም ነበር።

አባትህን ደግሞ አትጣላው። ልምምድ የሚያልቀው ጠዋት ነው፤ ከሰዓት በኋላ አጎትህ ጋ መጋዝ መያዝ ለተከላካይ ነውር አይደለም። ተከላካይ ሆኖ 28 ዓመት መድረስ እርጅና እንዳልሆነ ለአባትህ ንገረው፤ ፎንቴ ፕሪሚየር ሊግን ያየበት ዕድሜ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። በነሐሴ 2021 ከልጄ ጋር ቴል አቪቭ ብሉምፊልድ ስታዲየም ገብተን ፒኤስጂና ሊል ለፈረንሳይ ሱፐር ካፕ ሲጫወቱ አይተናል። የሊሉ አምበል ሽማግሌ ይመስል ነበር፤ ልጄ «37 ዓመቱ ነው» ሲለኝ አላመንኩም። እንዲህ ያለ ሰው ከወጣት አጥቂ ጋር እንዴት ይችላል? (ከነታንያ)

መልስ፦ ልጅዎ ልክ ነው። ያዩት ጆሴ ፎንቴ ነው፤ በዚያ ምሽት ሼካ ከሩቅ ባገባት ጎል 1ለ0 አሸንፈው፣ ፒኤስጂ ስምንት ዓመት በተከታታይ የወሰደውን ዋንጫ ነጠቁት። ከዚያ ሁለት ወር ያህል ቀደም ብሎ በጋልቲዬ አሰልጣኝነት የፈረንሳይን ሊግ በ83 ነጥብ በልተዋል፤ ፒኤስጂ በ82 ሁለተኛ ወጣ። በ38 ጨዋታ የገባባቸው 23 ጎል ነው። በረኛው ማይኛን፣ ከፎንቴ ጎን የ21 ዓመቱ ቦትማን።

እንዴት ቻለ ላሉኝ፣ ልጆቼን የማሳይበትን ላካፍልዎ። ኳሱ በሌላው ሜዳ ሳለ ብዙ ተከላካይ ቆሞ ያያል። ፎንቴ ያኔ ነው የሚሠራው፤ ሁለት እርምጃ ወደ ግራ፣ አንድ ወደ ኋላ፣ አንገቱን ዘወር፣ ለተመላላሹ እጅ ማሳየት። ሰውነቱን ለአጥቂው ፊት ለፊት አይሰጥም፤ በጎን ይቆማል፤ ኳስ ከኋላው ከተጣለ ለመዞር ግማሹን አስቀድሞ ዞሯል ማለት ነው። ሜዳ ላይ ተጋድሞ ኳስ የሚነጥቅበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ሸርተቴ የሚገባ ተከላካይ አብዛኛውን ጊዜ የዘገየ ተከላካይ ነው። ወጣቱ አጥቂ አሥር ሜትር ሲሮጥ እሱ ሦስት ይራመዳል፤ ሁለቱም እኩል ይደርሳሉ። ከዚያ ምሽት በኋላም ቢሆን አላቆመም። ወደ አገሩ ብራጋ ተመልሶ በ2024 የፖርቱጋልን ሊግ ካፕ በላ፤ በዚያው ክረምት በ40 ዓመቱ ለሊዝበኑ ካሳ ፒያ ፈረመ።

ጥያቄ፦ የ13 ዓመት ልጄ አጥቂ መሆን ነው የሚፈልገው። አሰልጣኙ ረጅም ነህ ብሎ መሀል ተከላካይ አደረገው። ከልምምድ ሲመለስ መኪና ውስጥ ያለቅሳል። አሰልጣኙን ላናግር? ኳስ አላውቅም፤ ምን ልበለው? (ከሜሪላንድ)

መልስ፦ እመቤቴ፣ አሰልጣኙን አሁን አያናግሩት፤ የ13 ዓመት ልጅ ቦታው ገና ብዙ ጊዜ ይለዋወጣል። የሚያለቅሰው ጎል ማግባት ስለቀረበት ብቻ አይመስለኝም። ከኋላ ሲቆም ማንም የሚያየው አይመስለውም፤ ሲሳሳት ግን ሁሉም ያየዋል። እኔም በሱ ዕድሜ እንዲሁ ነበርኩ። ያዳነኝ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ የሰፈር ሜዳ ዳር ቆሞ ያዳንኳትን ኳስ ሁሉ በጣቱ እየቆጠረ ማታ ይነግረኝ ነበር።

ኳስ ማወቅ አያስፈልግዎትም። በሚቀጥለው ጨዋታ እርሳስና ወረቀት ይያዙ፤ ልጅዎ ኳስ በቴስታ ባወጣ፣ ለጓደኛው በጮኸለት፣ ሰው ባቆመ ቁጥር አንድ መስመር ያስምሩ። መኪና ውስጥ ወረቀቱን ይስጡት። ከዚያ አንድ ቅዳሜ አብራችሁ ተቀምጣችሁ የ2016ን ፍጻሜ፣ ፖርቱጋልና ፈረንሳይን ሙሉውን እዩ። ኳሱን ይተው፤ ከሁሉም 4 ቁጥሩን ፖርቱጋላዊ ብቻ ይከተል። 120 ደቂቃ ነው፤ ፋንዲሻ ያዘጋጁለት። ከጨዋታው በኋላ 4 ቁጥር ስንት ጊዜ አንገቱን እንዳዞረ ይጠይቁትና መልሱን ጽፈው ይላኩልኝ።